ቢጫውን ኮከብ በልብሷ የሸፈነችው ሙስሊም ሴት ፎቶ እውነት ነው?

የትንሿ እናት፦

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። እኔ የምኖረው እስራኤል ረሆቮት ነው፣ ትንሿ ልጄ ኪታ ቴት (ዘጠነኛ ክፍል) ናት፣ ለዮም ሃሾዓ (ናዚ የፈጃቸው አይሁዶች ለሚታሰቡበት ቀን) አቮዳ ተሰጣቸው (ያው የጽሁፍ ሥራ በሉት) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሁድ ያዳነ አንድ ሰው መርጣችሁ ሦስት ገጽ ጻፉ ተባሉ። ክፍሉ በሙሉ ሺንድለር ሺንድለር (ያው አይሁድ ያዳነው ጀርመናዊ ባለፋብሪካ) ብሎ ተረባረበበት አሉ፣ የኔዋ ደግሞ ሰው የነካውን አልነካም ባይ ናትና ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ አግኝታ ይዛልኝ መጣች። ተሸፋፍና የለበሰች ሙስሊም ሴት ከአንዲት አይሁዳዊት ጎረቤቷ ጋር ጎን ለጎን መንገድ ላይ ሲሄዱ ነው፣ ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ ሴትየዋ በልብሷ የጎረቤቷን ክንድ ላይ ያለውን ቢጫ ኮከብ (አይሁድ እንዲለዩ በግድ የሚያደርጉትን ምልክት) ሸፍናላት ነው ይላል። ከዛ ጓደኛዋ ይሄ በኤአይ የተሠራ ነው ብላ ሳቀችባት፣ ልጄም ተናዳ "እማ አንቺ ታውቂያለሽ? አይሁድ የደበቀ ሙስሊም አለ?" ስትለኝ እኔ ምን አውቄ። አፌ ተያዘ።

እኔ ራሴ በሱዳን በኩል በሕፃንነቴ ታዝዬ የመጣሁ ነኝ፣ እናቴ እስከ ዛሬ ገዳሪፍ የሚባል የሱዳን ከተማ ስም ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች፣ እዛ አይሁድነታችንን ደብቀን እንደኖርን ብቻ ነው የማውቀው። ለዚህ ነው መሰለኝ ጥያቄዋ ዝም ብሎ የቤት ሥራ ጥያቄ ያልሆነብኝ። የምታውቁ ካላችሁ በእግዚአብሔር ንገሩኝ፣ ፎቶው እውነት ነው? ሌላስ እንዲህ ያደረጉ አሉ ወይ? ልጅቷ ውሸት ጽፋ እንድትዋረድ አልፈልግም።

ባለታክሲው ከቪየና፦

እህቴ ፎቶው እውነት ነው፣ ኤአይ ምናምን ሳይፈጠር ገና በፈረንጆቹ 1941 የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ውስጥ የተነሳ ነው። ሴትየዋ ዜይኔባ ሐርዳጋ ትባላለች። አጠገቧ ያለችው አይሁዳዊት ሪፍካ ናት ከነልጆቿ። እዚህ ቪየና ከኔ ጋር ታክሲ የሚነዱት ግማሾቹ ቦስኒያዎች ናቸው፣ ይሄን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ አንዱ ነው ኤርፖርት ተሰልፈን ተራ ስንጠብቅ፣ እኔም እንዳንቺ አላመንኩትም፣ በኋላ ስፈልግ ያድ ቫሼም ራሱ (ኢየሩሳሌም ያለው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ፣ አይሁድ ላዳኑ ሰዎችም እውቅና የሚሰጠው) የመዘገበው ሆኖ አገኘሁት።

ግን ለልጅሽ ልንገርሽ ከፎቶው ይልቅ የቤቱ ታሪክ ነው የሚበልጠው። የዜይኔባ ባል ሙስጠፋ ይባላል፣ ነጋዴ ነበር፣ ዮሴፍ ካቢልዮ የሚባል አይሁድ ደግሞ የሙስጠፋን ሕንጻ ተከራይቶ የቧንቧ ፋብሪካ ነበረው። ሚያዝያ 1941 ጀርመን ከተማዋን በቦምብ ስትደበድብ የካቢልዮ ቤት ፈረሰ፣ ቤተሰቡን ይዞ መሄጃ አጥቶ ሲንከራተት ሙስጠፋ አገኘው፣ በቃ ኑ ከኛ ጋር ግቡ አላቸው። እንግዲህ አስቢው ሴቶቹ ባዕድ ወንድ ፊት የማይገለጡበት ቤት ነው፣ ባዕድ ወንድ አድሮበት አያውቅም። አንተ ወንድማችን ነህ ሚስትህ እህታችን ናት ልጆችህ ልጆቻችን ናቸው ብለው አስገቧቸው። ጌስታፖው (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ያለው እዛው ፊት ለፊት ነው፣ አይሁድ የደበቀ ይገደላል የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከመስኮት ይታያል። ጠዋት ጠዋት መጋረጃ በከፈቱ ቁጥር ያንን ያነባሉ ማለት ነው።

ከዛ ካቢልዮ ሚስቱንና ልጆቹን ሞስታር የምትባል ከተማ ላካቸው፣ እዛ የነበረው ጣሊያን ስለነበር ይሻል ነበር፣ እሱ ግን ንብረቱን ለመዝጋት ብሎ ቀረና ተያዘ። ወደ ያሴኖቫች የሞት ካምፕ ሊወስዱት ሲሉ በረዶ መንገዱን ዘግቶ እዛው ሳራዬቮ ታስሮ ቀረ፣ በሰንሰለት አስረው መንገድ ላይ በረዶ ያስጠርጓቸው ነበር። ዜይኔባ በዛ ስታልፍ አየችው። ከዛን ቀን ጀምሮ ምግብ እየቋጠረች ታመላልስለት ነበር፣ ዘበኛ ቆሞ እያየ ማለት ነው። በኋላ አምልጦ ተመልሶ እነሱ ቤት ነው የገባው፣ ሁለተኛ ጊዜ ደበቁት፣ ከዛም ቤተሰቡ ጋር ሞስታር ደረሰ።

እኔን ያንሰፈሰፈኝ መጨረሻው ነው። ጦርነቱ አልቆ ካቢልዮዎቹ ሲመለሱ ሐርዳጋዎቹ ቤት አረፉ፣ ከዛ አደራ ትተውት የሄዱትን የጌጣጌጥ ሳጥን አምጥተው ሰጧቸው። አራት ዓመት ጦርነት፣ ረሃብ፣ ዳቦ በወርቅ በሚሸመትበት ጊዜ ሳጥኑ እንደተዘጋ ተቀምጦ ነበር።

ሀቁን ብቻ፦

ይሄ ሁሉ ቆንጆ ነው ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ እየለቀማችሁ ለልጅ አትንገሯት። የኢየሩሳሌሙ ሙፍቲ ሐጂ አሚን አል ሁሴኒ ኅዳር 1941 በርሊን ሄዶ ሂትለርን ቁጭ ብሎ አላነጋገረም? እዛው ቦስኒያ ውስጥ ለናዚ ፓርቲ ጦር ለኤስኤስ ሙስሊም ወታደር አልተመለመለም? ደግሞ ፌስቡክ ላይ የፓሪስ መስጊድ 1700 አይሁድ አዳነ እያላችሁ ታራግባላችሁ፣ ማስረጃው የት አለ? አንድ ሁለት ደግ ሰው ስለነበረ ታሪክ አይቀየርም። ልጅቷ ሺንድለርን ትጻፍ።

የደሴው፦

ሀቁን ብቻ ወንድሜ ስምህ ሀቅ ነው ግን ግማሹን ትተኸዋል እኮ። ሙፍቲው ሂትለርን አግኝቷል፣ ማንም አልካደም። የቦስኒያውም ክፍለ ጦር እውነት ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እንዳውም አንተ ያልጠቀስከውን ልጨምርልህ፣ ኮሶቮ ውስጥ ስካንደርቤግ የሚባል ከአልባኒያዎች የተመለመለ የኤስኤስ ጦር ነበር፣ ግንቦት 1944 ፕሪሽቲና ውስጥ 281 አይሁዶችን ለቅሞ ለጀርመን አስረክቧል። ሙስሊም ናቸው አብዛኞቹ። ይሄን ደብቄ ሌላውን ብነግርህ ያንተው ዓይነት ግማሽ ሀቅ ይሆንብኛል።

የፓሪሱን በተመለከተ 1700 የሚለው ቁጥር ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ያድ ቫሼምም በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ግን ሰው አልረዱም ማለት አይደለም። ሳሊም ሐላሊ የሚባል ከአልጄሪያ የመጣ አይሁድ ዘፋኝ ነበር፣ የመስጊዱ አስተዳዳሪ ሲ ካዱር ቤንገብሪት ሙስሊም ነው የሚል ወረቀት አሠርቶለት፣ ቦቢኒ ባለው የሙስሊም መቃብር ውስጥ ደግሞ የዘፋኙ አባት ስም ያለበት የመቃብር ድንጋይ አስቀርጾለት ነው የተረፈው ይባላል፣ ጀርመኖቹ ሲጠራጠሩ አባቱ እዚህ ተቀብሯል ብለው እንዲያሳዩ። እንግዲህ አንድም ይሁን መቶ።

አሁን ዋናው። እህቴ የትንሿ እናት፣ ልጅሽ አልባኒያን እንድታይ እፈልጋለሁ። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነ አገር ነው፣ ከጦርነቱ በፊት እዛ የነበረው አይሁድ 200 ገደማ ነው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ከበፊቱ በዝቶ ተገኘ። አውሮፓ ውስጥ ይሄ የሆነበት አገር ማግኘት ከባድ ነው። ከየአገሩ የሸሸው ሁሉ እዛ ገብቶ ነው። መስከረም 1943 አገሩን ይዞ የነበረው ጣሊያን እጅ ሰጥቶ ጀርመን ሲገባ የአይሁዶች ስም ዝርዝር አምጡ ሲባሉ ባለሥልጣኖቹ አንሰጥም አሉ፣ እንዳውም ከተማ ለከተማ መዘዋወሪያ የሐሰት ወረቀት ያሠሩላቸው ነበር። በዛች አገር ክልል ውስጥ የነበረ አይሁድ ከአንድ ቤተሰብ በስተቀር ሁሉም ለማለት ይቻላል ተርፏል። እኔ ከላይ የጠቀስኩት ኮሶቮ ከዚህ ውጭ ነው እንዳይደባለቅባት።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ እነሱ "ቤሳ" የሚሉት ነገር አላቸው። የኛ ሰው ሲተረጉመው "ቃል" ይለዋል፣ እኔ ግን "አደራ" ብለው ይቀርባል ባይ ነኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እንደሚባለው። የአልባኒያ ሰው ቤት የአላህና የእንግዳ ነው ይላል የቆየው ሕጋቸው፣ ስለዚህ እንግዳህን አሳልፈህ ከሰጠህ አንተ ብቻ አይደለህም የምትዋረደው፣ ዘርህ ነው መንደርህ ነው። ለዚህ ነው ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እያወቀ የማይናገረው። እኔ ይሄ ነው የሚገርመኝ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቤት የደበቀው ሰው ጀግና ነው እሺ፣ ግን ያ መንደር ሙሉ አይቶ አፉን የያዘውስ? ለሱ ሜዳሊያ የለውም።

አንዱን ልንገርሽና ላብቃ። ሞሼ ማንዲል የሚባል ሰርቢያ ካለችው ኖቪ ሳድ የሸሸ ፎቶ አንሺ ነበር፣ የአልባኒያ ዋና ከተማ ቲራና ደርሶ አንድ ፎቶ ቤት ሥራ አገኘ፣ እዛው ፎቶ ቤት የሚማር ሬፊክ ቬሴሊ የሚባል ልጅ ነበር፣ ገና ጎረምሳ ነው። ጀርመን ሲገባ ሬፊክ ማንዲሎቹን ወደ ወላጆቹ አገር ክሩያ ተራራ ላይ ይዟቸው ሄደ፣ ቀን ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ሌሊት በበቅሎ። እዛ ሲደርሱ አባትና እናቱን ከበረቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ደበቋቸው፣ ልጆቹን ግን አልደበቋቸውም፣ የሙስሊም ስም ሰጥተው ከመንደሩ ልጆች ጋር ለቀቋቸው ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። በኋላ የሬፊክ ወንድም ደግሞ ሌላ የአይሁድ ቤተሰብ ይዞ ከች አለ። ሬፊክና ወላጆቹ በ1987 ከአልባኒያ የመጀመሪያዎቹ ሆነው በያድ ቫሼም ተመዘገቡ፣ ዛሬ የአልባኒያዎቹ ቁጥር 75 ደርሷል። ያስመዘገባቸው ማን መሰለሽ፣ ያኔ ሜዳ ላይ ሲጫወት የነበረው የማንዲል ልጅ ነው።

ነርሷ በርሊን፦

የደሴው ጥሩ አድርገህ አስረዳህ ግን አንድ ሰው ረሳችሁ። እኔ በርሊን ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ሞአቢት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ዶክተር መሐመድ ሔልሚ የሚባል ግብጻዊ ነበረ፣ የተወለደው ካርቱም ነው የኛ ጎረቤት። በ1922 ለሕክምና ትምህርት መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ ናዚ ሲመጣ አርያን (እነሱ ንጹሕ የሚሉት ዘር) አይደለህም ተብሎ ከሥራ ተባረረ፣ ታሰረም። እሱ ራሱ በየጊዜው ፖሊስ እየጠራው ሳለ ነው እንግዲህ አና ቦሮስ የምትባል ወጣት አይሁዳዊት ወስዶ የደበቃት፣ በርሊን ቡኽ ውስጥ ትንሽ የአትክልት ቦታ ጎጆ ነበረችው እዛ። አንዳንዴ ሻሽ አስሮላት ዘመዴ ናት ሙስሊም ናት እያለ ክሊኒኩ ውስጥ ረዳቱ አድርጎ ያሠራት ነበር፣ በሰው ፊት!

በ1944 ዘመዶቿ ተይዘው ሲመረመሩ እሱ እንደሚረዳቸው ተናገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን አለቀለት። ሔልሚ ግን ልጅቷን ፍሪዳ የምትባል ጀርመናዊት ቤት ወስዶ ሸሸጋትና ለፖሊሶቹ ደብዳቤ አሳያቸው፣ ከአና የተጻፈለት ነው ብሎ፣ ማን እንደሆንኩ ዋሽቼህ ነበር ይቅርታ፣ አሁን ዴሳው ያለችው አክስቴ ጋር ሄጃለሁ የሚል። ደብዳቤውን ያስጻፋት ራሱ ነው ያው። አመኑት። አናም እናቷም የእንጀራ አባቷም አያቷም አራቱም ተረፉ።

በ2013 ያድ ቫሼም እውቅና ሲሰጠው የመጀመሪያው ዐረብ ሆነ፣ ግን ቤተሰቦቹ ከእስራኤል አንቀበልም አሉ፣ በ2017 አንድ የቤተሰቡ ሰው እዚሁ በርሊን ተቀበለለት። ይሄንንም ልጅሽ ትጻፈው ባይ ነኝ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

ሀቁን ብቻ፦

እሺ የኮሶቮውን ራስህ ስላመጣኸው አከብርሃለሁ የደሴው። ስለ ሔልሚ አላውቅም ነበር። ግን አሁንም ጥቂቶች ናቸው።

ከድሬ፦

ጥቂት ናቸው ትላለህ፣ የሚደብቅ ሰው መቼ ብዙ ሆኖ ያውቃል በየትኛው አገር በየትኛው ሃይማኖት? ነጃሺ ሰሐቦችን (የነቢዩን ተከታዮች) ሲያስጠጋ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተቃወመው ሰው እንደነበረ ረሳኸው? 😄

የደሴው፦

ከድሬ ነጃሺን አታምጣብን ይሄ ክር አሁን አንድ ሺህ አስተያየት ይደርሳል።

ባለታክሲው ከቪየና፦

የትንሿ እናት በውስጥ መስመር ከዛ በኋላስ ምን ሆኑ ብላ ስለጠየቀችኝ እዚሁ ልመልስ ለሌላውም ይጠቅማል። የዜይኔባ አባት አሕመድ ሳዲቅ ሌላ የአይሁድ ቤተሰብ ሲረዳ ተይዞ ያሴኖቫች ተገደለ፣ ማለትም ቤቱ በነጻ አላመለጠም። ካቢልዮዎቹ እስራኤል ገቡ፣ እነሱ በሰጡት ምስክርነት ሐርዳጋዎቹ በ1984 እውቅና አገኙ፣ በዓመቱ ዜይኔባ ኢየሩሳሌም መጥታ ዛፍ ተከለች።

ከዛ በ1992 ሳራዬቮ እንደገና ተከበበች፣ አሁን ደግሞ የሚታደነው ሙስሊሙ ሆነ። ዜይኔባ አርጅታለች፣ ምግብ የለም ውሃ የለም ተኳሽ ከተራራ ላይ ያነጣጥራል። በ1994 እስራኤል እሷን ከልጇና ከልጇ ቤተሰብ ጋር አወጣቻቸው። በዛው ዓመት እዛው እስራኤል አረፈች። ልጇ በኋላ ያድ ቫሼም ተቀጥራ ሠርታለች። እና ልጅሽ ከፈለገች ያቺ ዛፍ ከናንተ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ብትርቅ ነው እህቴ፣ ሄዳ ፎቶ ታንሳት፣ ያኔ ኤአይ ነው የምትል ጓደኛዋ ምን እንደምትል እናያለን።

እግረ መንገዴን ግን እዛው ሳራዬቮ ዴርቪሽ ኮርኩት የሚባል የሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር፣ የናዚ ጄኔራል ድረስ መጥቶ ሃጋዳህ የሚባለውን የአይሁድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ሲጠይቅ ደብቆ አስቀረው፣ ቤቱ ደግሞ ሚራ የምትባል አይሁዳዊት ልጅ አሚራ ብሎ ሠራተኛችን ናት እያለ አኖራት። በ1999 የሱ ልጅ ከኮሶቮ ተባርራ መቄዶንያ ስትሰደድ ወላጆቿ እውቅና ያገኙበትን የያድ ቫሼም ወረቀት ኮፒ ይዛ ነበር፣ የስኮፕዬ አይሁዶች አይተው እስራኤል ላኳት፣ ኤርፖርት የተቀበላት የሚራ ልጅ ነው። ይሄን ለተሳፋሪ ሳወራ ፊልም ነው ይሉኛል።

የትንሿ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሀቁን ብቻ አንተንም ጭምር፣ የኮሶቮውንም የሙፍቲውንም ጻፊው አልኳት፣ መምህሯ ብትጠይቃት እንዳታፍር። እሷ የመረጠችው ሐርዳጋን ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዘችው የጌጣጌጥ ሳጥኑን ነው ብታምኑኝ፣ ርዕሱን "ሳጥኑ" አለችው። ዓርብ ጠዋት ያድ ቫሼም ሄደን ዛፉን እንፈልጋለን።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ትናንት ማታ ይሄንን እያነበብኩ ለእናቴ በድምፅ እተረጉምላት ነበር፣ ማለት አማርኛ ነው ግን አይኗ ስለደከመ ነው። ዜይኔባ ለታሰረው ሰው ምግብ የምታመላልስበት ጋ ስደርስ "እኛም ነበረችን" አለችኝ። ማን ስላት፣ ገዳሪፍ ተከራይተን በነበረበት ሰፈር ኪስራ (የሱዳን ስስ እንጀራ) የምትሸጥ ሱዳናዊት። በየቀኑ በራችን ላይ ትመጣ ነበር አለች፣ እኛ ክርስቲያን ነን ብለን ነበር ለሰዉ ሁሉ የምንለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አንገዛትም፣ ገንዘብ አንነካም። መጀመሪያ ቅዳሜ መጣች፣ አንፈልግም አልናት። ሁለተኛም መጣች፣ አንፈልግም። ከዛ ወዲህ ቅዳሜ መጥታ አታውቅም፣ ዓርብ ላይ የሁለት ቀን ኪስራ ቆጥራ ትሰጠኛለች፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም አለች።

ስሟን ብጠይቃት አታውቀውም። ለአርባ ዓመት ይሄን ሴት አንድ ቀን አንስታት አታውቅም እኮ።

ባለታክሲው አንድ ነገር ብቻ፣ ስሟ በዕብራይስጥ ሲጻፍ ዘይነብ ነው ዜይኔባ? ልጅቷ እንዳትሳሳት ብላ ነው፣ ከእሁድ በፊት ማስረከብ አለባት።

ባለታክሲው ከቪየና፦

ዜይኔባ ነው፣ መጨረሻው ላይ "ባ" አለው። ቦስኒያዎቹ እንደዛ ነው የሚጠሯት።